ምስኪኗ ቁጥር አስራ ሰባት

"ተነሽ እንጂ! ምንም የለብሽም!"

ባል ነው እንዲህ የሚለው... ሚስት ጭንቅላቷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ፣ መጋረጃውን ዘግታ ተኝታለች።

"ማይግሬኔ ተነስቶብኝ ነው... እባክህ ቴሌቪዥኑን ቀንስልኝ።"

"የጭንቅላትሽን ፎቶ ያነሳሁት ራሴ ነኝ! ንጹህ ነው!"

እውነቱን ነው። ሰውዬው የኤምአርአይ ባለሙያ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የጭንቅላቷን የደም ሥሮች ፎቶ አነሳ... ሐኪሙም አይቶ "ደህና ናት" አለ።

ከቀኝ ጆሮዋ በላይ ብቻ አንድ ሥር እንደ ቋጠሮ ዞሮ ያልፋል። "ተፈጥሮዋ ነው፣ አይጎዳትም" ተባለ።

ባል ግን ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ መቀለጃ አደረጋት...

"ሥሯም እንደ እሷ ነገረኛ ነው፤ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም!"

ከዚያ ወዲህ እቤት ውስጥ ስሟ "ምክንያተኛዋ" ሆነ። አማቷ ሳይቀሩ እንደዚያ ይሏታል።

እሷም ማቃሰት ተወች።

ሰውዬው ሥራ ቦታ ግን ሌላ ሰው ነው...

ማይግሬንን የሚያጠኑ ሐኪሞች አንድ ሥራ ሰጡት። ታማሚዎች ሕመሙ በጠናባቸው ሰዓት ሌላ ሆስፒታል ሄደው የተነሷቸው ምስሎች ይመጡለታል፤ እሱ የደም ሥሮቹን ስፋት ይለካል።

ስም የለም። ቁጥር ብቻ... ከሥሩም ታማሚው የጻፈው ማስታወሻ።

ቁጥር አስራ ሰባት አንጀቱን በላችው።

"ዛሬ ልጄ ስትስቅ ጆሮዬን ያዝኩ... ልጇ ስትስቅ ጆሮዋን የምትይዝ ምን ዓይነት እናት ናት?"

እራት ላይ ለሚስቱ አወራላት።

"አንዲት ምስኪን አለች... እስካሁን ያየሁት ፎቶዋ ንጹህ ነው፣ «ልጄ ስትስቅ ጆሮዬን ያዝኩ» ብላ የጻፈችው ግን ያስለቅሳል። ባሏ ምን ዓይነት ድንጋይ ቢሆን ነው?"

ሚስቱ ሳህኖቹን አነሳች።

"ይማራት" አለች።

በሳምንቱ የቁጥር አስራ ሰባት አዲስ ምስል መጣ። እስከዚያ የለካው የግራውን ብቻ ነበር... ያን ቀን የቀኙ ተራ ደረሰ።

አጎላው።

ከጆሮዋ በላይ... እንደ ቋጠሮ የዞረ ሥር።

ራሱ ሲቀልድበት የኖረው የሚስቱ ሥር ነው!

አንዳንድ ቀን "እህቴ ጋ ነኝ" የምትለው ለካስ እዚያ ሆስፒታል ሄዳ ኖሯል...

ማስታወሻውን ከፈተ።

"ባሌ ስለ እኔ አዝኖ አወራልኝ። እኔ መሆኔን አያውቅም። በሦስት ዓመት የመጀመሪያው ነው... ደስ አለኝ።"

ቤት ሲገባ መጋረጃው ተዘግቷል። ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ይቅር በይኝ... አንቺ መሆንሽን አወቅኩ።"

ዓይኗን ሳትገልጥ መለሰችለት።

"የእሷም ፎቶ ንጹህ ነው አላልከኝም?... ታዲያ እሷን በቃሏ ካመንካት፣ እኔን ማመን ለምን አቃተህ?"



ወዳጆቼ... በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? ማሽን የደም ሥርን ያሳያል እንጂ ስቃይን አያሳይም። ለማናውቀው ሰው እንባችን ቅርብ ነው፤ ጎናችን ለተኛው ግን ማስረጃ እንጠይቃለን። ያሳፍራል!

እስቲ ኮመንት ላይ እውነቱን ተናገሩ... እናንተ ቤት "ምክንያተኛ" የሚባለው ማን ነው? ስሙን ያወጣለትስ?