የሬቫቲ መብራት

«አንተ ሰውዬ፣ ከሺህ ዓመት በፊት የሞቱ ሰዎች እንዳይቀየሙህ ብለህ የልጄን ኮከብ ታነሣለህ?» አለች ቫሱዳ።

«የእኔም ልጅ ነበረች» አለ ባሏ ማዳቭ።

«እንግዲያው አትንካት!»

ምድርን ከፀሐይ ቃጠሎ ለማዳን ሰማዩ በጥላ ከተጋረደ ወዲህ ኮከብ የሚባል ነገር አይታይም። የህንዷ ኡጃይን ከተማ በጥላው ሥር ሃያ ሰባት መብራቶች ሰቅላለች፤ ጨረቃ በየሌሊቱ ታድርባቸዋለች ለተባሉት የጥንት ማደሪያዎች ለእያንዳንዳቸው አንድ። የጥንት ሊቃውንት የትኛውን ኮከብ ማለታቸው እንደነበር ከመጻሕፍቶቻቸው መርምሮ መብራቱን በቦታው ማሰቀል የማዳቭ ሥራ ነው። አሁን ሬቫቲ የተባለው ማደሪያ መብራት ያለ ቦታው መሰቀሉን ደርሶበታል።

ጨረቃ በዚያ ማደሪያ ሳለች ልጃቸው ተወልዳ ሬቫቲ ተብላ ነበር። በታመመች ጊዜ መብራቷን ተኝታ እንድታይ አልጋዋን ከግድግዳው አላቅቀው ወደ መስኮቱ አዞሩላት፤ እያየችው አረፈች። አልጋው ዛሬም እንደተጣመመ ነው። ቫሱዳ ማታ ማታ ጫፉ ላይ ተቀምጣ መብራቱን እያየች ልጇን ታወራታለች።

«ኮከቧ እዚያ ኖሮ አያውቅም፣ ቫሱዳ። ውሸት እያየሽ ነው የምታለቅሺው።»

«እሷስ ውሸት እያየች ነው የሞተችው?»

ማዳቭ መብራቱን ሊያዛውር ጎረቤቶቹ ወደሚጠብቁት ጣሪያ ወጣ።

ሲመሽ መብራቱ ጠፋ፤ ጥቂት ቆይቶ ከመስኮቱ በማይታይበት፣ ከጎረቤት ፎቅ ጀርባ በራ። ሰፈሩ አጨበጨበ።

«ማዳቭ፣ እጅህ ይባረክ!»

ቫሱዳ የልጅቷን ብርድ ልብስ አጣጥፋ በብብቷ ይዛ ወጣች። መንገደኛው ሁሉ አንጋጦ ነበር፤ በመካከሉ አልፋ ወደ ባቡር ጣቢያው ታጠፈች።