ለቅሶ ያልደረሰው ጓደኛ

የፕሌይስቴሽን ጓደኞቼን ታሪክ በካርቱን እየሳልኩ በየሳምንቱ በኢንተርኔት መልቀቅ ከጀመርኩ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። እውነተኛ ታሪክ በተለቀቀ ቁጥር ከባለታሪኩ ጭንቅላት እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ከጓደኞቼ አንዱ ያፌት ግን "የፈለግከውን ውሰድ፣ ብቻ አስቀን" ብሎ ፈርሞልኛል።

ትናንት ቤቴ ስንጫወት ድንገት ጆይስቲኩን አስቀመጠ።

"እናቴ ስትሞት ለምን ቀረህ? ድንኳኑን አስታውሳለሁ፤ አንተ ግን የለህበትም።"

ሦስቱንም ቀን ከጎኑ ነበርኩ። በሠልስቱ እህል አልቀምስም ሲል፣ ይህንኑ ጆይስቲክ ይዤለት ሄጄ አምስት ለዜሮ ተሸነፍኩለት፤ ከዚያ በኋላ በላ። ከዓመት በኋላ አንድ ሳምንት የምለቀው ሳጣ፣ ከጎኑ የነበርኩበትን ሦስቱንም ቀን ሳልኩት። እንደሱ የተወደደልኝ ክፍል የለም።

ስልኬን አውጥቼ አሳየሁት። እስከ መጨረሻው አየና ፈገግ አለ።

"ታምራለች። ግን ግማሹን ከራሴ ነው የምፈጥረው ትል የለ?"

"ይቺን አልፈጠርኳትም፣ አንተ ሙት!"

ስልኩን መለሰልኝና ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

"በሥዕልማ ማን ይቀራል?" አለኝ።