ቁልፌና አርባኛው ስም

የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ከአሥራ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ይልቅ የሸፈናቸውን ጨርቅ ይወድ ነበር። ጨርቆቹን በየሳምንቱ ያሳጥባል፤ ኮምፒውተሮቹን ግን ተማሪ እንዲነካቸው አይፈቅድም። የክፍሉን ቁልፍ በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስለሚዞር ተማሪዎቹ በሌለበት «ቁልፌ» ይሉታል።

ባዶ ቦታ ካየ ማዕረጉን ሳይጽፍበት አያልፍም። በሩ ላይ፣ የወንበሩ ጀርባ ላይ፣ የመጥረጊያው እጀታ ላይ ሳይቀር «የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ» ብሎ ጽፏል። መጥረጊያው ማን አዛዡ እንደሆነ እንዳይጠፋበት ይሆናል።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ወጣት እንግዳ ለአሥረኛ ክፍሎች ስለ ነፃ ሶፍትዌር ልታስተምር መጣች። የጋበዘቻት ርዕሰ መምህሯ ስለሆነች ቁልፌ እያጉረመረመ ከፈተ።

«ይህ የስም መጥሪያ ፕሮግራም ነው» አለች እንግዳዋ። «ኮዱ ክፍት ነው። ማንም ያነበዋል፣ ማንም ይለውጠዋል፣ ማንም ለጓደኛው ይሰጠዋል።»

«በር የሌለው ቤት በይኛ!» አለ ቁልፌ ከጥጉ።

እንግዳዋ ሳቅ ብላ የክፍሉን ዝርዝር አተመች። ከአርባው ተማሪ የሠላሳ ዘጠኙ ስም ብቻ ወጣ። የቀረችው በፊደል ተራ መጨረሻ ላይ ያለችው፣ ጓደኞቿ «ጭራ» የሚሏት ልጅ ነበረች።

«ቲቸር፣ ተባረርኩ እንዴ?» አለች።

«ጭራ ተቆረጠች!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«ስህተቱ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን አልነግራችሁም» አለች እንግዳዋ። «ኮዱ ፊታችሁ ነው። ያገኘ ያርመው።»

«ጉድ እኮ ነው!» አለ ቁልፌ። «የተበላሸ ዕቃ ተሸክሞ መጥቶ ጠግኑልኝ!»

ርዕሰ መምህሯ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «እንግዲያው ከምሳ በኋላ መጥቼ አያለሁ» አለችው። «አርባውን ስም ካወጣ ቁልፉን ለተማሪዎቹ ያስረክባሉ፤ ክፍሉም በየቀኑ ይከፈታል። ካላወጣ እንደነበረው ይቀጥላል።»

የቁልፌ እጅ ሳያስበው ወደ አንገቱ ሄደ።

ልጆቹ ኮዱ ላይ ተደፍተው አረፈዱ። የምሳ ደወል ሲደወል ጭራ ጠረጴዛውን መታች። «ላገኘው ስል!» አለች።

ሁሉም ሲወጡ ቁልፌ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ማንም ይለውጠዋል አይደል ያለችው? በሕይወቱ አንድ መስመር ኮድ ጽፎ አያውቅም፤ ለማፍረስ ግን መጻፍ አያስፈልግም። ከመካከል አጭሯን መስመር መርጦ ሰረዛት። ሊያስቀምጥ ሲል ፕሮግራሙ ሁለት ባዶ ቦታዎች አወጣለት። ፎርም መሙላት ለእሱ እንደ መተንፈስ ነው፤ ሞላቸው። ከዚያ ምሳውን እዚያው በላ፤ እንዲህ ጣፍጦት አያውቅም።

በሩን ሲከፍት ጭራ ደጁ ላይ ቆማ ነበር። በክንዱ ሥር ሾልካ ቀድማ ገባች።

ወዲያው ርዕሰ መምህሯ፣ እንግዳዋና ተማሪዎቹ ተከታትለው መጡ። ቁልፌ እጁን አጣጥፎ፣ ፈገግ ብሎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እንግዳዋ ዝርዝሩ እንደገና እንዲታተም ስታዝ ፕሪንተሩ ተንገራገረና ወረቀቱን ተፋ። ጭራ ነጥቃ ከታች ወደ ላይ አነበበች።

«አለሁ! አርባኛ! አለሁ!»

የቁልፌ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። ወዲያው ገባው፤ ይቺ ሾካካ ከእሱ በኋላ ገብታ አስተካክላዋለች።

«ያለ ፈቃድ የነካ አለ!» ብሎ ጮኸ። «የትምህርት ቤት ንብረት ነው! ማን እንደነካው ይታወቅልኝ! ይባረርልኝ!»

«እኔ አይደለሁም ቲቸር! ገና ኮምፒውተሩን ልከፍት ስል ነው ርዕሰ መምህሯ የገቡት!»

«ዝም በይ! ዓይንሽ ራሱ ያስታውቃል!»

«ኧረ መጨቃጨቅ አያስፈልግም» አለች እንግዳዋ። «ፕሮግራሙ ማን ምን እንደለወጠ ይመዘግባል። ያረመው ሰው ስሙ ከሠሪዎቹ ዝርዝር ይገባል፤ ከዚያ የሚፍቀው የለም።»

«እኮ ይውጣ!» አለ ቁልፌ። «ሁሉም ይየው!»

ርዕሰ መምህሯ ቁልፉን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። እንግዳዋ መዝገቡን ከፍታ ግድግዳው ላይ አበራችው።

«የተሰረዘ፦ የመጨረሻውን ስም የምትዘለው መስመር። ያረመው፦ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ። ምክንያት፦ ለማሻሻል።»