የጎደለው ዱቄት

መስኡዳ ክዳኑን ከፍታ ስታይ ደነገጠች። ለወሩ ይበቃል የተባለው ዱቄት ወሩ ሳይጋመስ የቆርቆሮው ታች ይታያል።

ዱቄቱ የልጇ የሰሚሃ ነው። ሰሚሃ ሃያ ዓመት ሳይሞላት ጡንቻዋ ከዳት። ደረጃ መውጣት ይቅርና ጸጉሯን ማበጠር ያደክማታል። ደሴ የወሰደቻት ጊዜ ሐኪሙ አልደበቃቸውም።

«ሰውነቷ ከምግብ ጉልበት ማውጣት ተስኖታል። የሚፈውስ መድኃኒት የለውም። ይኼ ዱቄት ክሬቲን የሚሉት የጡንቻ ጉልበት ማሟያ ነው፤ አንዳንዱን ይረዳል፣ አንዳንዱን አይረዳም። እንሞክረው።»

መስኡዳ መኪና ልትይዝ ቀድማ ወጣች። ሰሚሃ ከሐኪሙ ጋር ትንሽ ቆይታ ተከተለቻት።

መስኡዳ ሐይቅ ከተማ ገበያ ላይ ዓሣ ትሸጣለች። ከውሃው ዳር ዳገቱን ስትወጣ መሐል ላይ አረፍ ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። የዓይኗ ቆብም እየወረደ፣ ደንበኞቿ «እንቅልፍሽን ጨርሰሽ ነይ እንጂ» እያሉ ይቀልዱባታል። ዕድሜ ነው ትላለች። ሰሞኑን ግን ዳገቱን ሳታርፍ ትወጣዋለች። ንዴቱ ነው የሚገፋት።

የተናደደችው በታላቁ ልጇ በሀምዳን ነው። ሀምዳን ባጃጅ ይነዳል፤ ከሥራ መልስ ብረት ያነሳል። ክንዱ ሸሚዙን ወጥሮታል። ጎረቤቷ ኑርዬ ደግሞ ሳያስበው አንድ ነገር አመለጠው፦

«ብረት የሚያነሱት ልጆች እኮ ይችኑ ዱቄት ነው የሚጠጧት።»

ሀምዳንን በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«የእህትህን ጉልበት ነው የምትጠጣው?»

«ወላሂ እማ፣ አልነካሁም!»

«የአላህን ስም አትጥራ! እሷ ከአልጋ መነሳት አቅቷት አንተ ታብጣለህ።»

ሀምዳን ወደ እህቱ ዞረ። ሰሚሃ አንገቷን ደፋች። እሱም ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ ከቤት ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ሰሚሃ እንደ ወትሮዋ ግድግዳውን እየተደገፈች ለእናቷ በማር የተመታ አብሽ አመጣችላት። መስኡዳ ጠጥታ ጨረሰችና ዕንባዋ መጣ።

«ከእንግዲህ ማንም አይነካብሽም፣ ልጄ።»

ሰሚሃ አጠገቧ ቁጭ አለች። ለመናገር ትንፋሿን መሰብሰብ ነበረባት።

«ሀምዳንን ጥሪው፣ እማ፤ ሐኪሙ ‹በሽታው ከእናት የሚወረስ ነው› ካለኝ ወዲህ ዱቄቱን በአብሹ እየበጠበጥኩ የማጠጣሽ እኔ ነኝ።»