የመርዶ ነጋሪው በር

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ሐሰት ካለችበት ዕድሜዬን ያሳጥረው!

«ግዛቸው፣ ተነስ... መርዶ አለ።»

ስልኩ የጮኸው ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ነው። ደዋዩ የእድሩ ዳኛ ሁሴኖ።

«የማን?»

ሁሴኖ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የማን ነው ሁሴኖ?»

«የታየች ልጅ... ፍሰሐ።»

ግዛቸው ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። አሰላ የተመደበው ለሁለት ዓመት ነበር... ይኸው ሠላሳ ስድስት ሆነው።

ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ የሰፈሩ ልጅ ግንባር ላይ ሲወድቅ ለወላጅ የሚናገረው እሱ ነው። ሌላው ሰው በሩ ሳይከፈት እንባ ይቀድመዋል። እሱ ግን ይችላል። ከበቆጂ እስከ አቦምሳ ብትፈልጉ እሱን የሚያህል መርዶ ነጋሪ አታገኙም!

ደንብ አለው።

ባዶ ሆዱን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ መዋጡ ይጣራል። ስልኩን በዘዴ ይቀበሉታል... አንዱ ችኩል ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» ብሎ እንዳይቀድም። ግራና ቀኙን ጠንካራ ሰው ይቆማል።

ከዚያ ስም ተጠርቶ «ሞቷል» ይባላል። «ትንሽ ቆስሏል» ብሎ ነገር የለም። ግማሽ ተስፋ ሰው ይገድላል ይላል።

ሰው የማያውቅበት ጉድ ግን ነበረው...

የራሱ ልጅ ዮፍታሔም እዚያው ግንባር ነው። ከደወለ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ሰው ሲጠይቀው «ትናንት አወራን» ይላል።

የሌላ ሰው መርዶ በመጣ ቁጥር ደግሞ ውስጡ አንዲት ቃል ትሽሎከለካለች።

«ተመስገን... የኔ አይደለም።»

ያን ቀንም አላት። ከዚያ አፈረና ጋቢውን ደርቦ ወጣ።

ብርዱን አትጠይቁኝ! ጭላሎ ተራራ ራሱ ጋቢ ቢያገኝ የሚደርብበት ብርድ ነበር።

ሁሴኖ ቤት ሲደርስ የሁሴኖ ሚስት ከዲጃ ትኩስ ገንፎ አቀረበች።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደሩ ጋሼ? ይብሉ።»

«ለቅሶ ቤት እየሄድኩ ገንፎ?»

«ገንፎ ለቅሶ አያውቅም፣ ይብሉ!»

በላ።

«የግፊት ክኒንህን ውጠሃል?» አለው ሁሴኖ።

«ሐኪም ሆንክ ደግሞ?»

«ውጠሃል ወይ ነው የምልህ!»

«ውጫለሁ በቃ!»

«ስልክህን ስጠኝማ... የኔ ቻርጅ ጨርሶ ዘጋ።»

ሰጠው። ግዛቸው ልቡ እዚህ የለም፤ ለታየች የሚናገረውን እያሰበ ነው።

ሲወጡ ጎሚስታው ገላና በር ላይ ቆሟል። ሲስቅ ጎበሳ ድረስ የሚሰማ ሰው ነው። የግዛቸውን ቀኝ ክንድ ጥርቅም አድርጎ ያዘ። ሁሴኖ ግራውን።

«ገላና፣ ጎማ መሰልኩህ እንዴ እንዲህ የጨበጥከኝ?»

ገላና አልሳቀም።

መንታ መንገዱ ጋ ደረሱ። የታየች ቤት ሽቅብ፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል ነው።

እነሱ ግን ቁልቁል ታጠፉ።

«ታየች ቤት በዚያ ነው።»

«በዚህም ያስኬዳል» አለ ሁሴኖ።

«ዕድሜዬን ጂኦግራፊ ላስተማርኩት አቅጣጫ ልታሳየኝ ነው?»

ሁሴኖ እርምጃውን አፈጠነ፤ ክንዱን ግን አልለቀቀም...

ግዛቸው ቆመ።

ገንፎው...

ክኒኑ...

ስልኩ...

ግራና ቀኙን አየ። ከዚያ ፊት ለፊቱን።

አረንጓዴ የቆርቆሮ በር። የራሱ በር!

ደጁ በሰው ተሞልቷል። ከሴቶቹ መሃል አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

ታየች ናት።

«ታየች...? አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ፍሰሐ ደህና ነው ጋሼ...» አለች፣ የሰረቀች ይመስል አንገቷን ደፍታ። «ማታ ደውሎልኛል...»

ገላና ደገፈው።

«እሺ» አለ ግዛቸው። «ማነው የሚነግረኝ?»

ሁሴኖ አፉን ከፈተ... ዘጋው። አንዱ መሬት አየ፣ ሌላው ሰማይ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አንድ ቃል የሚያወጣ ጠፋ!

በዚህ መሃል በሩ ሲጢጥ አለ። ሚስቱ መሰረት በስልኳ መብራት እያበራች ወጣች።

«ግዛቸው? ታየች ቤት አልሄድክም? ይሄ ሁሉ ሰው...»

መብራቱ ታየች ፊት ላይ አረፈ።

«ምንድነው? ቆሰለ? ቆስሎ ነው አይደል? በሉኛ!»

ይኼውላችሁ፣ ያ የሚፈራው ግማሽ ተስፋ ሚስቱ ፊት ላይ መጣ።

ግዛቸው የያዙትን እጆች አስለቀቀ። ጋቢውን አስተካከለ። ሁለት እርምጃ ወደ እሷ ተራመደ። ድምፁ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም።

«መሰረት... ልጃችን ዮፍታሔ ሞቷል።»

ከዚያ በኋላ ነው ሰፈሩ የጮኸው።

ሁሴኖ እግሩ ላይ ወደቀ። «ይቅር በለኝ ወንድሜ! ልነግርህ ነበር... አፌ እምቢ አለኝ!»

ሰው ሁሉ መርዶውን ከሌላ ሰው አፍ ይሰማል። ግዛቸው ከራሱ አፍ ሰማ።

ወዳጆቼ... ጦርነት ሲነሳ የተዋጋውን እናወድሳለን፣ ለሞተው እናለቅሳለን። ክፉ ወሬ አፉ ውስጥ ይዞ የሰው በር ሲያንኳኳ የኖረውን ግን ማንም አያስታውሰውም። «እሱ ይችላል» ያልነው ሰው የሚችለው ሌላ የሚችል ስለጠፋ ነው። የሰውን ሐዘን የሚሸከምላችሁን ሰው የራሱ ቀን ሳይደርስ ጠይቁት።

እስቲ ንገሩኝ... በእናንተ ሰፈር መርዶ የሚናገረው ማነው? አንድ ቀን እንኳ «አንተስ እንዴት ነህ?» ብላችሁት ታውቃላችሁ?

ኮመንት ላይ ስሙን ጻፉልኝ።

ደግሞ አንዲት ነገር ልናዘዝ... ድምፁ አልተንቀጠቀጠም ያልኳችሁን ቃል እኔ ነኝ የጨመርኳት።