የተዘለለችው አምስት

መሪጌታው የሩሀማንና የደምመላሽን ስም ፊደል በፊደል ወደ ቁጥር ለውጠው፣ ሁለቱን አባዝተው፣ ካርቶን ላይ 3,708,516 ብለው ጻፉ። "ለአሥራ ሁለት ሲካፈል ቀሪ ከሌለው ጋብቻው ይሰምራል፤ ከተረፈ ግን ጠብ ነው" አሉ። እናቷ እህል በረንዳ ካለው ሱቋ ውስጥ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ የሐኪም ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው አፍ አፋቸውን ታያለች። የወፍጮ ቤቱ ጌታ ልጅ ደምመላሽ ዛሬ መልስ ይፈልጋል። የሩሀማን "አላገባውም" ግን የሰማ የለም።

ሩሀማ ሳቋን ዋጠች። የሒሳብ ዲግሪ ይዛ ስሟ ሲባዛ ልታይ! ቁጥሩን አንዴ ገረፍ አድርጋ አየችው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች አሥራ ስድስት ናቸው፣ ለአራት ይካፈላሉ። ሁሉም ሲደመሩ ሠላሳ ይሆናሉ፣ ለሦስት ይካፈላል። እንግዲህ ለአሥራ ሁለትም ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ለዚህ እስክሪብቶም አያስፈልግም። መሪጌታው ግን በላብ ተጠምቀው ሲያካፍሉ መሃል ላይ አምስቷን ዘለሏት።

"አራት ቀረ። ወይዘሮ ሸዋርካብሽ፣ ይቅርብዎ።"

የእናቷ ፊት ጠቆረ። "አንቺ፣ እስቲ እይው። ተሳስተው እንዳይሆን።"

"እኔ ልሳሳት? ትየው እንጂ፣ የዩኒቨርሲቲዋ!" አሉ መሪጌታው።

ሩሀማ ካርቶኑን ተቀብላ አምስቷን በአውራ ጣቷ ሸፈነች።

"ልክ ናቸው፣ እማዬ። አራት ይቀራል።"

መሪጌታው እንደ ሙያ ባልደረባ ራሳቸውን ነቀነቁላት። ከሁሉም ያንገሸገሻት ያ ነበር።