የስታኖይካ ጠርሙስ

በክሩሼቫ መንደር ሚሎየ ቤት የጊዮርጊስ ዝክር በተበላ በሦስተኛው ቀን፣ ሠላሳ አንድ ሰው ሱሪውን ጨብጦ ይሮጥ ጀመር። በመንደሩ ያሉት መጸዳጃ ቤቶች አሥራ ዘጠኝ ናቸው። የተረፈውን ጉድ የፕሪም ዛፎቹ ያውቃሉ።

የጤና ተቆጣጣሪው ራዶሚር ሦስት ባዶ ጠርሙስና አንድ ማኅተም ይዞ ከከተማ መጣ። በዝክሩ ላይ እሱም ነበረ፤ እንደ ሰው በልቶ እንደ ሰው ጠጥቷል። ሆዱ ግን ምንም አላለውም። «የእኔ ሆድ ብረት ነው» ማለት ይወዳል። ከወር በፊት ሁለት ቀን አስቀምጦት እንደነበር ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሱም ቢሆን ረስቶታል።

መጀመሪያ ሚሎየ ቤት ገባ። የሚሎየን ልጅ ክርስትና ያነሳው እሱ ስለሆነ አበልጆች ናቸው።

«አበልጄ፣ አለቀልኝ» አለ ሚሎየ ከብርድ ልብሱ ውስጥ። «ቁርጠቱ፣ ትኩሳቱ፣ ደሙ! የሚወጣ ነገር የለም፣ ማማጡ ግን አለ።»

«ምን ወሰድክ?»

«አረቄ በቁንዶ በርበሬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እየዘፈንኩ ሄድኩ።»

ራዶሚር አረቄውን ቀማው። ለሚሎየ ሚስትም አሳያት፦ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ፣ ለጥ ያለ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ማንኪያ ጨው፤ እሱን ቀኑን ሙሉ ፉት ፉት ማድረግ። ደም ለታየባቸው ሐኪሙ ያዘዘውን ኪኒን አደለ። «ሰው የሚሞተው ውሃው አልቆ ነው» አለ። ስለ ሳሙናም ረጅም ስብከት ሰበከ። ሲጨርስ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ቁራሽ አይብ በጣቱ አንስቶ ጎረሰ።

«ማን ነበር ወጥ ቤት የገባው?» ሲል ጠየቀ፣ መልሱን እያወቀ።

«ከስታኖይካ ሌላ ማን ይገባል?»

ስታኖይካ የሰባ ዓመት ባልቴት ናት። አርባ ዓመት ሙሉ በመንደሩ ያለ እሷ እጅ የተበላ ሠርግም ዝክርም የለም። እሷና ሁለት ረዳቶቿ አልታመሙም፤ ራዶሚርን ያጠራጠረውም ይኸው ነው። የዚያን ዕለት ጦማቸውን ቆመው ውለው፣ እንግዳው ሲሸኝ የተረፈውን ጠቦት ነበር የበሉት። የሚሎየ ውሻም ከዚያው ጠቦት ጠግቦ ጅራቱን እየቆላ ይዞራል።

ራዶሚር ያን ዕለት ሲያስታውሰው ደስ ይለዋል። ዘግይቶ ስለደረሰ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲጠብቀው ነበር። ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፤ እሱና ሚሎየም እንደ ወጉ የዝክሩን ዳቦ በአራት እጅ ይዘው አዞሩት፣ ወይን አፈሰሱበት፣ ቆርሰውም ለእንግዳው ሁሉ አዳረሱ። ፍርፋሪ እንኳ አልተረፈም። እንዲህ ያለ ክብር ለሁሉም አይሰጥም።

ራዶሚር ቤቷ ሲመጣ ስታኖይካ ጠርሙሱን አይታ ዓይኗን አጠበበች።

«ለምኑ ነው ይሄ?»

«ለዓይነ ምድር ምርመራ ነው፣ እትዬ።»

«ሰባ ዓመት ከጓሮዬ አልፎ የማያውቅ ነገር ዛሬ ከተማ ሊገባ? እኔ እንኳ ከተማ የሄድኩት ሁለቴ ነው!»

«ካልሞሉልኝ የሚመጣውን እሁድ ሠርግ አይሠሩም።»

የእሁዱ ሠርግ የልጅ ልጇ የሚሊያና ነው። ጎመኑን ከመከር ጀምራ በጨው ዘፍዝፋለች፣ ጠቦቶቹን በእጇ ቀልባለች። በዚያ ሠርግ የሌላ ሴት ጭልፋ ከሚገባ ከነሕይወቷ ብትቀበር ይሻላታል።

«እንግዲያው ይቀመጡ» አለች። «እንግዳ ሳይቀምስ አይወጣም።»

የፕሪም ማርማላታና ውሃ አቀረበች። ወጉ አንድ ማንኪያ ነው፤ ፕሪም ሲበዛ ሆድ ያላላል። ራዶሚር ጣፋጭ ይወዳልና ስድስት ዋጠ።

ብዙም ሳይቆይ ሆዱ ጮኸ። መጸዳጃ ቤቱ ለሠርጉ ሊታደስ ጣውላው ተነስቷል። ስታኖይካ የሟች ባሏን ሰማያዊ ፖፖ፣ አውራ ዶሮ የተሳለበትን፣ አስይዛው ወደ ጎተራው ጠቆመችው።

እዚያ ተቀምጦ ሲያልበው ነው ነገሩ የገባው። እኔንም አገኘችኝ! የብረቱን ሆድ ያቀለጠ እጅ መንደሩን ቢጨርስ ምን ይገርማል? ሲወጣ ስታኖይካ ፖፖውን ተቀብላ ወደ ጓሮ ሄደች። እሱም በውርደትና በንዴት ቀልቶ ወደ ረዳቶቿ ቤት አቀና።

ሲመለስ ጠርሙሱ ሞልቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አጥሩ ላይ ጠበቀው። ስሟን በትልቁ ጻፈበት።

ውጤቱ ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው መጣ። መንደሩ ከስቶና ገርጥቶ በሚሎየ ግቢ ተሰበሰበ። ራዶሚር ወረቀቱን ዘረጋ።

«የሁለቱ ረዳቶች ንጹሕ ነው። በሦስተኛው ጠርሙስ ግን እናንተን የጣላችሁ ያው ጀርም ተገኝቷል፣ ሺጌላ ይባላል። ሕመሙ ለቆትም ቢሆን ሰው ይዞት ሊዞር ይችላል። ከሆድ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ሰው አፍ ነው መንገዱ።»

ሁሉም ወደ ስታኖይካ ዞረ። ሚሊያና አለቀሰች። አንዱ ከኋላ «አርባ ዓመት ስታበላን የኖረችው ይህንን ነው?» አለ።

«ስለዚህ» አለ ራዶሚር፣ «ይህ ከሆዱ የወጣ ሰው ለአንድ ወር ምግብ አይነካም፣ ሠርግም ዝክርም ቤት አይገባም።»

«ማንም ይሁን ማን?» አለች ስታኖይካ።

«ማንም ይሁን ማን፣ እትዬ። ሕግ ነው።»

«እስቲ ማኅተሙን ያሳርፉበት።»

ራዶሚር ማኅተሙን እፍ ብሎ በኃይል መታው።

ስታኖይካ ከቅርጫቷ ሰማያዊውን ፖፖ አውጥታ ከማኅተሙ አጠገብ አስቀመጠችና፣ «ጠርሙሱን የሞላሁት፣ አቶ ራዶሚር፣ ያን ቀን ከዚሁ ነው፣ ሳላጥበው» አለች።